ጄምስ ክላርክ ማክስዌል፦ ዛሬ በየስክሪኑ የምናየውን ቀለም በቁጥር የለካው ሰው

በእጅ ስልክ ወይም በኮምፒውተር ስክሪን ላይ የሚታይ የአደይ አበባ ፎቶግራፍ በአጉሊ መነጽር ቢመረመር ቢጫ ብርሃን አይገኝበትም። የሚታዩት እጅግ ደቃቅ የሆኑ የቀይ፣ የአረንጓዴ እና የሰማያዊ ብርሃን ነጥቦች ብቻ ናቸው። ቀዩና አረንጓዴው በርትተው ሰማያዊው ሲደበዝዝ፣ የሰው ዓይን ድምሩን ቢጫ ብሎ ይቀበለዋል። ከሞላ ጎደል ማንኛውም ስክሪን ቀለማቱን የሚሠራው በዚህ የዓይን ጠባይ ላይ ተመሥርቶ ነው።

ፎቶግራፍ አንሺዎች፣ የማተሚያ ቤት ባለሙያዎች እና የፊልም አርታኢዎች ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ስክሪናቸውን ካሊብሬት የሚያደርጉት እነዚህ ሦስት ብርሃኖች ልካቸውን ጠብቀው እንዲደመሩ ነው። ሰማያዊው ከልኩ ካለፈ የሙሽራዋ ነጭ ቀሚስ ሰማያዊ ይጫነዋል፤ ቀዩ ካየለ የሰው ፊት የተቃጠለ ይመስላል። በተዛባ ስክሪን ላይ የታረመ ምስል ከማተሚያው ሲወጣ ባለቤቱ ያላሰበውን መልክ ይዞ ይወጣል።

ቀለም እንደ ርዝመትና እንደ ክብደት ሊለካ፣ በቁጥርም ሊጻፍ እንደሚችል በሙከራ ካሳዩት ሰዎች መካከል ቀዳሚውን ስፍራ የያዘው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ክላርክ ማክስዌል ነው። ዓለም ይበልጥ የሚያውቀው ብርሃን የኤሌክትሪክና የመግነጢስ ሞገድ መሆኑን በማስረዳቱ ነው። ይሁን እንጂ ከወጣትነቱ ጀምሮ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ድረስ ያልተለየው ጥያቄ የሰው ዓይን ቀለምን እንዴት ያያል የሚለው ነበር። የኤሌክትሪክ አምፖል በየቤቱ ከመግባቱ በፊት በ48 ዓመቱ ቢሞትም፣ የዛሬ ስክሪኖች የሚታረሙት እርሱ በቀደደው መንገድ ነው።

እናቱን በስምንት ዓመቱ ያጣው ልጅ

ማክስዌል በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ጁን 13 ቀን 1831 በስኮትላንድ ርዕሰ ከተማ በኤድንብራ ተወለደ። አባቱ ጆን ክላርክ ማክስዌል በሕግ የሠለጠኑ ባለርስት ሲሆኑ፣ ከሙግት ይልቅ ለማሽኖችና ለፈጠራ ሥራ ልባቸው ያደላ ነበር። እናቱ ፍራንሲስ ኬይ ልጃቸውን በቤት ውስጥ ራሳቸው ያስተምሩት ነበር። ቤተሰቡ ከከተማው ርቆ በደቡብ ምዕራብ ስኮትላንድ በሚገኘው ግሌንሌር በተባለው ርስቱ ላይ ይኖር ስለነበር ሕፃኑ ያደገው በወንዝ፣ በሜዳና በከብቶች መካከል ነው። ያየው ነገር ሁሉ እንዴት እንደሚሠራ ሳይነገረው አያርፍም ነበር።

ይህ የደስታ ዘመን ረጅም አልነበረም። ጄምስ ስምንት ዓመት በሞላው በ1839 እናቱ በሆድ ዕቃ ካንሰር ሞቱ። እርሳቸውን እንዲተካ የተቀጠረው ወጣት አስተማሪ ልጁን ዘገምተኛ አድርጎ ይቆጥረውና በዱላ ይቀጣው ነበር። ሁኔታው ሲታወቅ አስተማሪው ተሰናበተ፤ ጄምስም በ1841 ወደ ኤድንብራ አካዳሚ ተላከ።

በዚያም የገጠር አነጋገሩና አባቱ ያሠሩለት ለየት ያለ ልብስና ጫማ የተማሪዎች መሳለቂያ አደረጉት። ጅል የሚል ትርጉም ያለው ቅጽል ስም አወጡለት። ልጁ ግን ስድቡን ሳያከር ተሸክሞ ቆየ፤ ከጊዜ በኋላም ፒተር ቴይት እና ሉዊስ ካምቤል የተባሉ የዕድሜ ልክ ወዳጆችን አፈራ። በ14 ዓመቱ እንቁላል መሰል ቅርጾችን በክርና በወስፌ ስለ መሳል የጻፈው ጥናት በ1846 በኤድንብራ ሮያል ሶሳይቲ ፊት ቀረበ። ደራሲው በማኅበሩ ፊት ቆሞ ለማንበብ ገና ልጅ በመሆኑ፣ ጥናቱን ያቀረቡለት የዩኒቨርሲቲው መምህር ጄምስ ፎርብስ ነበሩ።

የሚሽከረከረው ሰሌዳ

ማክስዌልን ወደ ቀለም ጥናት ያስገቡት እነዚሁ ፎርብስ ናቸው። በ16 ዓመቱ ኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ፎርብስ ልዩ ልዩ ቀለም የተቀባ ክብ ሰሌዳ በፍጥነት እያሽከረከሩ የሚደረግ ሙከራ ይሠሩ ነበር። ሰሌዳው ሲፈጥን ዓይን ቀለማቱን ለይቶ ማየት ይሳነውና ድምራቸውን እንደ አንድ ቀለም ያያል።

ሙከራው አንድ እንቆቅልሽ ይዞ መጣ። ሠዓሊዎች ሁሉ እንደሚያውቁት ቢጫና ሰማያዊ ቀለም ሲበጠበጡ አረንጓዴ ይሆናሉ። በሚሽከረከረው ሰሌዳ ላይ ግን ቢጫና ሰማያዊ ተደምረው አረንጓዴ አልሰጡም፤ የወጣው ወደ ሮዝ የሚያደላ ግራጫ ነበር።

ማክስዌል ጉዳዩን ተከታትሎ ምክንያቱን በግልጽ አስቀመጠ። ጀርመናዊው ኸርማን ፎን ኸልምሆልትስም በበኩሉ ወደዚሁ መደምደሚያ ደርሶ ነበር። የተበጠበጠ ቀለም ብርሃንን ይቀንሳል፤ ቢጫው ዱቄት ሰማያዊውን ብርሃን ይውጣል፣ ሰማያዊው ዱቄት ቀዩን ይውጣል፣ ሁለቱም የሚያሳልፉት አረንጓዴው ብቻ ይቀራል። በሰሌዳው ላይ ግን ብርሃኖቹ ራሳቸው ዓይን ውስጥ ይደመራሉ። አንዱ መቀነስ፣ ሌላው መደመር ነው። ዛሬ ማተሚያ ማሽን በመቀነስ፣ ስክሪን ደግሞ በመደመር ቀለም የሚሠሩ በመሆናቸው ሁለቱን ማስማማት ይህን ያህል አድካሚ የሆነውም በዚሁ ልዩነት ነው።

በ1850 ወደ ካምብሪጅ የተሻገረው ማክስዌል በ1854 በሒሳብ ሁለተኛ ሆኖ ተመረቀና ወደ ቀለም ሰሌዳው ተመለሰ። በዚህ ጊዜ ያሻሻለው መሣሪያ ቀላል ነገር ቢመስልም ትልቅ ለውጥ አመጣ። ከመሐል እስከ ጠርዝ የተሰነጠቁ ክብ ወረቀቶችን አንዱን በሌላው ውስጥ በማስገባት፣ የእያንዳንዱን ቀለም ስፋት እንደ ፈቃዱ ማስፋትና ማጥበብ ቻለ። የሰሌዳውን ዙሪያ በ100 እኩል ክፍሎች ከፈለው። መሐሉ ላይ ደግሞ ነጭና ጥቁር ወረቀቶችን የያዘ አነስተኛ ክብ አኖረ። ሰሌዳው ሲሽከረከር የውጭው ቀለበትና የመሐሉ ክብ ፈጽሞ አንድ እስኪመስሉ ድረስ ወረቀቶቹን ያስተካክል ነበር።

በ1855 ባሳተመው ጥናት ውጤቱን እንደ ሒሳብ ቀመር ጻፈው። 37 እጅ ደማቅ ቀይ፣ 27 እጅ ሰማያዊ እና 36 እጅ አረንጓዴ ወረቀት ሲደመሩ፣ 28 እጅ ነጭና 72 እጅ ጥቁር ወረቀት ከሚሰጡት ግራጫ ጋር እኩል ሆኑ። ሦስቱን ቀለማት በትክክለኛ መጠን አጋጥሞ፣ ወደ የትኛውም ቀለም የማያደላ ግራጫ ማውጣት ማለት ነው። ዛሬ አንድ ባለሙያ ስክሪኑን ሲያስተካክል በቅድሚያ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው።

ማክስዌል ሦስቱን ቀለማት በሦስት ማዕዘን ጫፎች ላይ አስቀመጣቸው። ከሦስቱ ተደባልቆ የሚገኝ ማንኛውም ቀለም በሦስት ማዕዘኑ ውስጥ የራሱ ነጥብ አለው፤ ነጥቡ ወደ አንዱ ጫፍ የሚቀርበው የዚያ ቀለም ድርሻ በጨመረ መጠን ነው። ከሦስት ማዕዘኑ ውጪ የሚወድቁ ቀለማትም አሉ፤ በእነዚያ ሦስት ወረቀቶች ሊሠሩ አይችሉም። የስክሪን ሻጮች ዛሬ መሣሪያቸው የሚሸፍነውን የቀለም ስፋት ለገዢ የሚያሳዩበት ሦስት ማዕዘን ዘሩ ከዚህ ይመዘዛል።

በዚሁ ጥናት ሁለት ነገሮችን ልብ አለ። የመጀመሪያው፣ በቀን ብርሃን እኩል የነበሩ ሁለት ቀለማት በመብራት ብርሃን ሲታዩ እኩል አለመሆናቸው ነው። ሁለተኛው፣ ቀይና አረንጓዴን መለየት የሚቸግራቸው ሰዎች የትኛውንም ቀለም ለማስመሰል ሦስት ሳይሆን ሁለት ቀለማት ብቻ የሚበቋቸው መሆኑ ነው። ይህም እንግሊዛዊው ቶማስ ያንግ በ1802 ለቀረበው መላ ምት፣ ማለትም ዓይን ሦስት ዓይነት ብርሃን ተቀባዮች አሉት ለሚለው ሐሳብ፣ ጠንካራ ማስረጃ ሆነ። ቀለምን መለየት የሚቸግረው ሰው ከሦስቱ አንዱ የጎደለው ሰው ነው።

ሹመትና ስንብት

በ1856 የማክስዌል አባት ታመሙ። በስኮትላንድ አበርዲን ከተማ በሚገኘው ማሪሻል ኮሌጅ የፕሮፌሰርነት ቦታ ሲከፈት፣ ልጁ ያመለከተው ለአባቱ ለመቅረብም ጭምር ነበር። ሹመቱ ተፈቀደለት፤ አባቱ ግን ከዚያ በፊት በሚያዝያ ወር አረፉ። ማክስዌል በ25 ዓመቱ የግሌንሌር ርስት ባለቤትም የኮሌጅ ፕሮፌሰርም ሆነ።

አበርዲን ሳለ የሳተርን ቀለበቶች አንድ ጠጣር ነገር ሊሆኑ እንደማይችሉ፣ ይልቁንም እያንዳንዳቸው ለብቻ ፕላኔቷን የሚዞሩ ቁጥር ስፍር የሌላቸው ቅንጣቶች መሆን እንዳለባቸው በሒሳብ አስረድቶ ሽልማት አገኘ። በ1858 ደግሞ የኮሌጁን ኃላፊ ልጅ ካትሪን ሜሪ ደዋርን አገባ። ካትሪን በሰባት ዓመት ትበልጠው ነበር። ልጅ ባይወልዱም፣ በቀለም ሙከራዎቹ ውስጥ የርሷ ድርሻ ከረዳትነት ያለፈ ነበር።

በ1860 የከተማዋ ሁለት ኮሌጆች ተዋሕደው የአበርዲን ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት፣ ለአንድ የትምህርት ዘርፍ ሁለት ፕሮፌሰሮች አያስፈልጉም ተባለ። ከሁለቱ የተሰናበተው ማክስዌል ነበር። በኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ለተከፈተው ቦታ ቢወዳደርም የልጅነት ወዳጁ ቴይት አሸነፈው። በዚያው ዓመት ፈንጣጣ ይዞት ለሞት ተቃርቦ ነበር፤ አስታማ ያዳነችው ካትሪን ናት። ሲያገግም በለንደን ኪንግስ ኮሌጅ ሥራ አገኘ። የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲም በቀለም ምርምሩ የራምፎርድ ሜዳልያ የሸለመው በዚሁ በመከራ የተሞላ ዓመት ነው።

ጥቁሩ ሳጥንና የሁለት ሰዎች ዓይን

የወረቀት ቀለም አምራቹ በተለወጠ ቁጥር ይለወጣል፤ ሲቆይም ይደበዝዛል። ማክስዌል የማይለወጥ መስፈርት ስለፈለገ ከወረቀት ወደ ፀሐይ ብርሃን ተሻገረ። ብርሃን በፕሪዝም ሲያልፍ እንደ ቀስተ ደመና ይከፈላል። በአንድ ሳጥን ላይ ስፋታቸው የሚስተካከል ሦስት ጠባብ ቀዳዳዎች አበጅቶ፣ ከቀስተ ደመናው ሦስት የተወሰኑ ብርሃኖችን ብቻ እየመረጠ ማደባለቅና ድምሩን ከነጭ ብርሃን ጋር ማስተያየት ቻለ። የቀዳዳው ስፋት የብርሃኑ መጠን ሆኖ ይመዘገባል።

በለንደን የተከራዩት ቤት ከጣሪያው ሥር ባለው ክፍል ውስጥ ያኖረው የመጨረሻው ሳጥን ርዝመቱ 8 ጫማ፣ ማለትም 2.4 ሜትር ገደማ ነበር፤ በጥቁር ቀለምም የተቀባ ነበር። ጎረቤቶች በመስኮት እያዩ፣ ለሰዓታት ወደ ሬሳ ሳጥን የሚያፈጥ ሰው አብዷል ብለው እንደሚያሙት ይነገራል።

በ1860 በታተመው ጥናት ውስጥ የሁለት ተመልካቾች ልኬት ጎን ለጎን ተቀምጧል። አንደኛው ራሱ ማክስዌል ሲሆን ሁለተኛዋ በመጀመሪያ ፊደሏ ብቻ የተጠቀሰችው ካትሪን ናት። የባልና የሚስት ዓይን ሙሉ በሙሉ አልተስማማም። እርሱ እኩል ናቸው ያላቸው ብርሃኖች ለእርሷ እኩል አልነበሩም። ማክስዌል ልዩነቱን እንደ ስሕተት አልሰረዘውም፤ የሁለቱንም ቁጥር እንዳለ አሳተመ። በኋላም ልዩነቱን በዓይን ውስጠኛ ግድግዳ መሐል ከሚገኘው ቢጫ ነጥብ ጋር አያያዘው፤ ነጥቡ ከሰው ሰው የተለያየ ጥንካሬ ስላለው ሰማያዊውን ብርሃን በተለያየ መጠን ያስቀራል።

የዚህ ምልከታ ትርጉም ትልቅ ነበር። ቀለም በዕቃው ላይ ብቻ ያለ ነገር አይደለም፤ ዕቃው፣ ያበራበት ብርሃንና የሚያየው ዓይን ሦስቱ ተባብረው የሚሠሩት ነው። ስለዚህ ቀለም ይለካ ከተባለ የማን ዓይን እንደ መለኪያ ይወሰድ የሚለው ጥያቄም አብሮ ይነሣል።

ጥብጣቡ

ሜይ 17 ቀን 1861 ማክስዌል በለንደን ሮያል ኢንስቲትዩሽን ስለ ሦስቱ መሠረታዊ ቀለማት ንግግር አደረገ። ሐሳቡን በ1855 ጽፎት ነበር፤ አሁን በተግባር ሊያሳየው ተነሣ። ቶማስ ሰተን የተባለው ፎቶግራፍ አንሺ የስኮትላንድ ባለ መስመር ጥብጣብ በጥቁር ጨርቅ ላይ አኑሮ ደጋግሞ አነሣው። አንዱን በቀይ፣ አንዱን በአረንጓዴ፣ አንዱን በሰማያዊ ፈሳሽ ማጣሪያ በኩል ነበር ያነሣው። የተገኙት ምስሎች ራሳቸው ጥቁርና ነጭ ነበሩ። በሦስት ፕሮጀክተሮች፣ እያንዳንዳቸው በተነሡበት ማጣሪያ በኩል ሆነው በአንድ ስክሪን ላይ ሲደራረቡ ግን ጥብጣቡ ከነቀለሙ ታየ። ይህ ክስተት የባለ ቀለም ፎቶግራፍ መነሻ ተደርጎ ይቆጠራል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። በዚያ ዘመን የነበረው የፎቶግራፍ ኬሚካል ለቀይ ብርሃን ፈጽሞ ደንታ ቢስ ነበር። በቀዩ ማጣሪያ በኩል ምንም ምስል መገኘት አልነበረበትም። ጉዳዩ የተፈታው ከ100 ዓመት በኋላ በ1961 ነው፤ የኮዳክ ተመራማሪዎች ሙከራውን ሲደግሙት፣ የጥብጣቡ ቀይ ቀለም ዓይን የማያየውን አልትራ ቫዮሌት ጨረርም እንደሚያንጸባርቅ፣ ማጣሪያውም ይህን ጨረር እንደሚያሳልፍ አረጋገጡ። የማክስዌል ቀይ በእውነቱ የማይታይ ብርሃን ነበር። ንድፈ ሐሳቡ ትክክል ቢሆንም ሠርቶ ማሳያው የተሳካው በአጋጣሚ ነበር ማለት ነው። ማክስዌል ራሱም በዕለቱ የታየው ቀለም የተሟላ እንዳልነበረና ለቀይና ለአረንጓዴ የሚነቃ የተሻለ ኬሚካል እንደሚያስፈልግ አልሸሸገም።

ብርሃን ራሱ ምንድን ነው?

በእነዚያው የለንደን ዓመታት ማክስዌል የማይክል ፋራዴይን የኤሌክትሪክና የመግነጢስ ግኝቶች ወደ ሒሳብ እየመለሰ ነበር። ቀመሮቹ አንድ ያልተጠበቀ ነገር ነገሩት፤ የኤሌክትሪክና የመግነጢስ መናወጥ በሕዋ ውስጥ እንደ ሞገድ ሊጓዝ ይችላል። የሞገዱ ፍጥነት ሲሰላ በሴኮንድ 310,740 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆነ። በወቅቱ ፈረንሳዊው ፊዞ የለካው የብርሃን ፍጥነት 314,858 ኪሎ ሜትር ነበር። ሁለቱ ቁጥሮች እንዲህ መቀራረባቸው በአጋጣሚ ሊሆን አይችልም ብሎ ደመደመ፤ ብርሃን ራሱ የኤሌክትሪክና የመግነጢስ ሞገድ ነው። ቀይና ሰማያዊም የሚለያዩት በሞገዳቸው ርዝመት ነው።

ይህን በ1865 ባወጣው ጥናት፣ ኋላም በ1873 ባሳተመው ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ አጸናው። ጀርመናዊው ሃይንሪኽ ኸርትስ ከማክስዌል ሞት በኋላ፣ በ1887 እና በ1888 ባደረጋቸው ሙከራዎች እነዚህን ሞገዶች በቤተ ሙከራ አመንጭቶ አረጋገጠ። ራዲዮ፣ ቴሌቪዥንና የእጅ ስልክ የተከተሉት ከዚያ ነው። አልበርት አይንሽታይን የማክስዌልን ምስል ከኒውተንና ከፋራዴይ ጋር በጥናት ክፍሉ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ይኖር የነበረውም ለዚህ ሥራ ካለው አክብሮት የተነሣ ነው።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

ማክስዌል በ1865 የለንደን ሥራውን ትቶ ወደ ግሌንሌር ተመለሰ። ለስድስት ዓመታት ርስቱን እያስተዳደረ፣ እየጻፈና ከካትሪን ጋር በፈረስ እየጋለበ ኖረ። በ1871 ካምብሪጅ ጠራው፤ አዲሱን የካቨንዲሽ ቤተ ሙከራ እንዲያቋቁም የመጀመሪያው ፕሮፌሰር ሆኖ ተሾመ። በ1874 የተከፈተው ይህ ቤተ ሙከራ በ1897 የኤሌክትሮን ግኝት የተበሠረበት፣ በ1953 ደግሞ የዲኤንኤ ቅርጽ የታወቀበት ተቋም ለመሆን በቅቷል።

ካትሪን ለረጅም ጊዜ ታማሚ ነበረች፤ ማክስዌልም በአልጋዋ አጠገብ እየነቃ ያስታምማት ነበር። ከ1877 ጀምሮ ግን እርሱንም ሕመም ይሰማው ጀመር። ለብዙ ጊዜ ለማንም አልነገረም። በ1879 መጸው ሐኪም ሲያየው የቀረው ዕድሜ አንድ ወር ገደማ መሆኑ ተነገረው። ሕመሙ እናቱን የገደለው የሆድ ዕቃ ካንሰር ነበር። ኖቬምበር 5 ቀን 1879 በካምብሪጅ ሞተ፤ ዕድሜው 48 ነበር። አስከሬኑ ወደ ስኮትላንድ ተወስዶ በግሌንሌር አቅራቢያ በፓርተን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ከወላጆቹ ጋር ተቀበረ። ከሰባት ዓመት በኋላ ካትሪንም እዚያው ዐረፈች።

ከሰሌዳው እስከ ስክሪኑ

የማክስዌል ሐሳብ ወደ ገበያ ለመድረስ ብዙ ጊዜ ወሰደ። በ1907 የፈረንሳይ ወንድማማቾች ሉሚዬሮች በሦስት ቀለም የተነከሩ የድንች ስታርች ቅንጣቶች የተነዙበት የፎቶግራፍ መስታወት መሸጥ ጀመሩ። ሩሲያዊው ሰርጌይ ፕሮኩዲን ጎርስኪም እንደ ማክስዌል አንድን ነገር በሦስት ማጣሪያ ሦስት ጊዜ እያነሣ የሩሲያ ግዛትን ሕዝቦች ከነቀለማቸው መዘገበ።

የማን ዓይን መለኪያ ይሁን ለሚለው ጥያቄ ዓለም አቀፍ መልስ የተሰጠው በ1931 ነው። ዴቪድ ራይት እና ጆን ጊልድ የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች ለየብቻቸው የማክስዌልን ዘዴ በተሻለ መሣሪያ ደግመው ነበር። ራይት የ10፣ ጊልድ የ7 ሰዎችን ዓይን ለኩ። ዓለም አቀፉ የብርሃን ኮሚሽን የእነዚህን 17 ሰዎች አማካይ ወስዶ መደበኛ ተመልካች የሚል ስም ሰጠው። እስከ ዛሬ ድረስ የስክሪንና የቀለም ፋብሪካዎች በአብዛኛው የሚመሩት በዚህ አማካይ ዓይን ነው።

በ1996 ማይክሮሶፍትና ኸውሌት ፓካርድ ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚግባቡበት የቀለም መስፈርት አቀረቡ፤ በ1999ም ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ ጸደቀ። መስፈርቱ የሦስቱን ብርሃኖች ቦታ በሦስት ማዕዘን ላይ ይወስናል፤ ነጩም እንደ ቀትር ብርሃን 6500 ኬልቪን ገደማ እንዲሆን ያዛል።

የፋብሪካ መስፈርት ግን በየጠረጴዛው ላይ ባለው ስክሪን ዘንድ ሳይዛነፍ አይኖርም። መብራቱ ይደክማል፣ ቀለማቱም በጊዜ ብዛት ያጋድላሉ። ስለዚህ ባለሙያው ስክሪኑን ለግማሽ ሰዓት ያህል አብርቶ ካሞቀ በኋላ ኮሎሪሜትር የተባለውን አነስተኛ መሣሪያ ፊቱ ላይ ያስቀምጣል። ፕሮግራሙ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ከዚያም ከጥቁር እስከ ነጭ ያሉ ግራጫዎችን በየተራ ያሳያል። መሣሪያው በማጣሪያዎቹ በኩል እያንዳንዱን ይለካል፤ ልኬቱ ከመስፈርቱ ጋር ይነጻጸራል፤ ልዩነቱም በማረሚያ ፋይል ተመዝግቦ ኮምፒውተሩ ቀለም በላከ ቁጥር ይታረማል።

ከነጩ ቀጥሎ የሚታረመው የብርሃን አወጣጥ ነው። የተለመደው መስፈርት ጋማ 2.2 ይባላል፤ በዚህ መሠረት ግማሽ መጠን ያለው ምልክት ሲላክ ስክሪኑ የሚያወጣው ብርሃን ግማሽ ሳይሆን ከሙሉው 22 በመቶ ያህሉን ነው። ይህ ሲዛባ ጥላ ውስጥ ያለ ፊት ይጠፋል፣ ወይም ጥቁሩ ሁሉ ይገረጣል። ለኅትመት የሚሠሩ ሰዎች የስክሪናቸውን ድምቀት 120 ካንዴላ በካሬ ሜትር አካባቢ የሚያደርጉትም ከወረቀት ጋር እንዲቀራረብ ነው። የክፍሉ መብራት እንዳይለዋወጥ መጠንቀቃቸው፣ ስክሪንን ምሽት ላይ ቢጫ የሚያደርገውን አሠራር ማጥፋታቸው ደግሞ ማክስዌል በቀንና በመብራት ብርሃን መካከል ካስተዋለው ልዩነት ጋር አንድ ነው።

የማን መልክ መለኪያ ይሁን?

ልኬት ሁሉ መነሻ ይፈልጋል፤ መነሻው የተሳሳተ ከሆነ ትክክለኛ መሣሪያም አያድንም። ለዚህ ከማክስዌል ሞት በኋላ የመጣው የፎቶግራፍ ታሪክ ምስክር ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች የሚልከው ማነጻጸሪያ ካርድ የአንዲት ነጭ ሴት ምስል ነበር፤ ሸርሊ ካርድ ይባል ነበር። የርሷ ቆዳ ካማረ ማሽኑ ተስተካክሏል ይባላል። በዚህ ልክ በታጠበ ፊልም ላይ ጥቁር ሰዎች፣ በተለይም ከነጮች ጋር አብረው ሲነሡ፣ የፊታቸው ዝርዝር ጠፍቶ ዓይንና ጥርሳቸው ብቻ ጎልቶ ይታይ ነበር።

ለውጡን ካፋጠኑት መካከል የእንጨት ዕቃና የቸኮሌት አምራቾች ይገኙበታል፤ የዕቃቸው ጥቁርና ቡናማ ቀለማት በፎቶግራፍ ላይ አይለዩም ብለው አቤት አሉ። ፊልሙ እየተሻሻለ መጥቶ፣ በ1990ዎቹ ልዩ ልዩ የቆዳ ቀለም ያላቸው ሰዎች በአንድነት የተነሡበት ካርድ ተዘጋጀ። በምሥራቅ አፍሪካ ላሉ ስቱዲዮዎችና የሠርግ ፎቶ አንሺዎች ይህ የሩቅ ታሪክ ብቻ አይደለም። ስክሪን በሚገባ መጠኑ የጠይም፣ የቀይ ዳማና የጥቁር ፊት ልዩነት ተለይቶ መታየት አለመታየቱን የሚወስን ጉዳይ ነው።

ማክስዌል የራሱን ዓይን የሰው ሁሉ ዓይን አድርጎ አላቀረበም። የሚስቱ ዓይን ከእርሱ ሲለይ የእርሷን ቁጥር ከራሱ አጠገብ ጻፈ፤ ቀለም መለየት የተቸገሩትን ሰዎች እንደ ጉድለት ሳይሆን እንደ ማስረጃ ቆጠራቸው። ያደገበት የግሌንሌር ቤት በ1929 በእሳት ቢወድምም፣ በ1855 በሚሽከረከሩ ወረቀቶች የጻፈው ቀመር አልተሻረም። ዛሬም በአዲስ አበባ፣ በናይሮቢ ወይም በለንደን አንድ ባለሙያ ስክሪኑ ላይ ያለው ግራጫ ወደ ቀይም ወደ ሰማያዊም እንዳያደላ ሲያስተካክል የሚፈታው ያንኑ ቀመር ነው።